አርባ ሺህ ሰው በአንድ መስመር እንዴት ያልፋል?

በመስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሎምፒክ የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ላይ ኃይሌ ገብረሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነበር። ኃይሌ 27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ፣ ቴርጋት 27 ደቂቃ ከ18.29 ሰከንድ። ዓይን ጨፍኖ ለመግለጥ እንኳ አይበቃም። ይኸው ሰው በዓመቱ አዲስ አበባ ላይ ያስጀመረው ሩጫ ግን ለሰከንድ ሽርፍራፊ ግድ የለውም። መሃል ላይ የቆመ ተሳታፊ ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ መነሻው መስመር ጋ ለመድረስ ብቻ ደቂቃዎች ይፈጁበታል፤ መንገድ ላይ ሙዚቃ ከሰማ ደግሞ ቆሞ ይጨፍራል።

ታላቁ ሩጫ የተባለው የዚህ ውድድር ሐሳብ የተጠነሰሰው ከሲድኒው ድል በኋላ ነው። ኃይሌ ካማከራቸው ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ብሬንዳን ፎስተር ነበር፤ እሱም በዘመኑ የ10 ሺህ ሜትር ሯጭ የነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ኒውካስል ላይ ሕዝብ የሚሮጥበትን ታላቁን የሰሜን ሩጫ የጀመረ ሰው። የአዲስ አበባው በኅዳር 1994 ዓ.ም. በ10 ሺህ ሰው ተጀመረ፤ የመጀመሪያውን ያሸነፈውም ራሱ ኃይሌ ነው። ዛሬ ቁጥሩ ከ40 ሺህ አልፏል።

ሰው የሚያየው ካናቴራውን፣ ጭፈራውንና ፊት ፊት የሚበሩትን አትሌቶች ነው። ከጀርባው ብዙ ስሌት አለ፤ እኔን የሚገርመኝ ስሌቱ ለማን እንደሚሠራ ነው። ፊት ያሉት ሃያ ሠላሳ አትሌቶች ባዶ መንገድና አንድ ሰዓት ያዥ ካገኙ ሌላ አይፈልጉም። ድካሙ ሁሉ የሚፈሰው ከኋላ ላሉት ነው፦ ልጇን እጇን ይዛ ለምትራመደው እናት፣ ጡረታ ለወጡት አባት፣ ከርሞ ከቢሮ ወንበር ላይ ዛሬ ገና ለተነሣው ሰውዬ። እስቲ ከመንገዱ እንጀምር።

10 ኪሎ ሜትር የተባለው መንገድ በእርግጥ 10 ኪሎ ሜትር መሆኑን ማን ያውቃል? የመኪና ቆጣሪ በመቶ ሁለት ሦስት ቢስት ማንም አይከሰውም፤ በ10 ኪሎ ሜትር ላይ ግን ያ 200 እና 300 ሜትር ነው። ስለዚህ በዓለም አቀፍ ደንብ የሩጫ መንገድ የሚለካው በብስክሌት ነው። የፊት ጎማው እምብርት ላይ ትንሽ ቆጣሪ ይታሰራል፤ አሜሪካዊው አለን ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሠራው ነው፤ ስሙም በእሱው ጆንስ ቆጣሪ ይባላል። ጎማው አንዴ ሲዞር ከ20 ጊዜ በላይ ይቆጥራል፤ አንዱ ቁጥር ግማሽ ስንዝር እንኳ አይሞላም። ለኪው መጀመሪያ በብረት ሜትር በጥንቃቄ በተለካ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ አራት ጊዜ ይመላለሳል። በዚህም ጎማው በዚያ ቀን፣ በዚያ ሙቀትና በዚያ አየር ለአንድ ኪሎ ሜትር ስንት እንደሚቆጥር ያውቃል። ከዚያ የሩጫውን መንገድ ይለካል። ሲጨርስ ተመልሶ ያንኑ ቀጥ ያለ መንገድ ደግሞ ይለካዋል። ማለዳ በብርዱ የነበረ ጎማ ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ውስጡ ያለው አየር ይለጠጣል፣ ጎማው በጥቂቱ ያድጋል፤ ያደገ ጎማ ደግሞ ያንኑ ርቀት በትንሽ ዙር ይጨርሰዋል። ልዩነቱ በዓይን አይታይም፤ በቆጣሪው ግን ይታያል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለኪው አውቆ ይጨምራል። ደንቡ በየ1,000 ሜትሩ 1 ሜትር እንዲታከል ያዛል፤ 10 ኪሎ ሜትር የተባለው መንገድ 10,010 ሜትር ሆኖ ይቀየሳል ማለት ነው። የመለኪያ ስሕተት ምንጊዜም አለ፤ ስሕተቱ ወደ ማሳጠር ካጋደለ የተመዘገበ ሰዓት ሁሉ ከንቱ ይሆናል፣ ወደ ማርዘም ካጋደለ ግን የሚጎዳ የለም። ልኬቱ የሚሄደውም አንድ ብልህ ሯጭ ሊሄድበት በሚችለው አጭሩ መስመር ነው፤ መንገዱ ሲታጠፍ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ርቆ።

ከሩጫው በኋላ በየቤቱ የሚነሣው ክርክር መልሱ እዚህ ላይ ነው። «ሰዓቴ 10.3 ይላል፤ 300 ሜትር ጨምረውብናል!» አልጨመሩም። አርባ ሺህ ሰው ውስጥ ሆኖ በአጭሩ መስመር የሚሮጥ የለም፤ ሰው ለማለፍ ወደ ቀኝ፣ ውኃ ለመቀበል ወደ ግራ፣ ጓደኛ ለመጥራት ወደ ኋላ ይባላል፤ መታጠፊያውን በውጭ በኩል የዞረ ሰውም የራሱን ትርፍ ሜትር ይሮጣል። በዚያ ላይ የእጅ ሰዓቱ ቦታን የሚያውቀው ከሳተላይት በሚመጣ ምልክት ነው። ምልክቱ በፎቅ መሃል ግድግዳ እየነካ ሲመጣ ሰዓቱ እርስዎን አንዴ መንገዱ ላይ፣ አንዴ ሕንፃው ውስጥ ያደርግዎታል። እነዚያን ነጥቦች በመስመር ሲያያይዛቸው እርስዎ ያልረገጡት ዚግዛግ ይወጣል። እኔ በበኩሌ ብስክሌቱን አምናለሁ።

አሁን ወደ መነሻው። መስቀል አደባባይ ሰፊ ነው፤ መንገዱ ግን መንገድ ነው። መነሻው መስመር 20 ሜትር ይሰፋል እንበል። ሰው ክንዱን ሳያጋጭ ለመሮጥ አንድ ሜትር ያህል ቦታ ስለሚፈልግ በአንድ ረድፍ 20 ሰው ያልፋል። ረድፉ ከረድፉ አንድ ሜትር ተራርቆ፣ በሶምሶማ በሰከንድ ሁለት ሜትር ተኩል ቢሄድ፣ በሰከንድ 50 ሰው መስመሩን ይሻገራል። 40 ሺህን ለ50 ሲያካፍሉት 800 ሰከንድ ይመጣል፤ 13 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ። ይህም ማንም ካልወደቀ፣ ማንም የጫማውን ክር ለማሰር ካልጎነበሰ፣ ማንም ስልኩን አውጥቶ ራሱን ለመቅረጽ ካልቆመ ነው። ሲድኒ ላይ ሁለት ሰዎችን የለየው 0.09 ሰከንድ እዚህ አራት አምስት ሰው የሚያልፍበት ጊዜ ነው።

ጀበና ሙሉ በሙሉ ቢያጋድሉት ቡናው የሚወርደው በአንገቱ ልክ ነው። ከኋላ የሚገፋ ሰው መስመሩን አያሰፋውም፤ ጥግግቱን ብቻ ይጨምረዋል። ጥግግት ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከአምስት ስድስት ሰው በላይ ሲታጨቅ ሰው በራሱ እግር መሄዱ ይቀርና ሕዝቡ ወደወሰደው ይወሰዳል። አንድ ሰው ቢወድቅ ከኋላ ያለው ለመቆም ቢፈልግ እንኳ አይችልም። በዚህ የተነሣ ትልልቅ ሩጫዎች ተሳታፊውን በፍጥነቱ እየከፋፈሉ በየተራ ያስነሣሉ፤ በምዝገባ ጊዜ «በስንት ሰዓት ትጨርሳለህ?» ብለው የሚጠይቁት ለዚህ ነው። ቅደም ተከተሉ ራሱ ሥራ ይሠራል። ፈጣኑ ከኋላ ቢነሣ ሺህ ሰው እየተሽሎከለከ ያልፋል፣ ሲያልፍም ይጋፋል፤ ፈጣኑ ከፊት ሲነሣ ግን ሰዉ በሮጠ ቁጥር እየተራራቀ ይሄዳል፣ መንገዱም በራሱ ጊዜ ይለቃል። የተራው ክፍተት መንገዱ ላይ ላለ ጠባብ መታጠፊያም መድኃኒት ነው፤ እዚያ የሚደርሰው ሕዝብ ተበጥሶ ተበጥሶ ይደርሳልና።

ምዝገባ ላይ ስለ ፍጥነቱ የሚዋሽ ሰው መቼም አይጠፋም። ከፈጣኖቹ ጋር ለመነሣት ብሎ 45 ደቂቃ ይላል፤ ከዚያ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ወገቡን ይዞ መሃል መንገድ ይቆማል። ለእሱ ክብር ነው፤ ለኋለኛው ግን ድንጋይ ነው።

ታዲያ አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው 13 ደቂቃ ዘግይቶ ከተነሣ የማን ሰዓት ትክክል ነው? ሁለት ሰዓት አለ። አንደኛው ውድድሩ በይፋ ከተጀመረባት ቅጽበት የሚቆጠረው ነው፤ የአትሌቶቹ ደረጃ የሚወጣውና ሽልማት የሚሰጠው በዚህ ነው፤ ቀድሞ የገባ ቀድሟል። ሁለተኛው የእያንዳንዱ ሰው የራሱ ሰዓት ነው፤ መነሻውን ከረገጠበት መድረሻውን እስከረገጠበት። ይህን ሁለተኛውን የሚሰጠው ቺፕ ነው። አሠራሩ ልጅ ቢጠይቅዎት ለማስረዳት አያስቸግርም፦ ደረት ላይ ከሚለጠፈው ቁጥር ጀርባ ከወረቀት የማይወፍር ቁራጭ አለ፤ ውስጡ የሚያብረቀርቅ ቀጭን አንቴናና ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ኤሌክትሮኒክስ። ባትሪ የለውም። መስመሩ ላይ የተነጠፈው ምንጣፍ ወይም በላይ የተሰቀለው ሣጥን የሬዲዮ ሞገድ ይለቃል፤ ቺፑ ከዚያው ሞገድ ጥቂት ኃይል ይቀዳና ይነቃል፣ ነቅቶም አንድ ነገር ብቻ ይናገራል፤ የራሱን ቁጥር። አንባቢው ማሽን ቁጥሩን ከሰዓቱ ጋር ይመዘግባል። ስምዎን፣ ዕድሜዎን፣ ከየት እንደመጡ ቺፑ አያውቅም፤ ያ ሁሉ ያለው ምዝገባው ኮምፒዩተር ውስጥ ነው።

ቁጥሩን ደረት ላይ ለጥፉ የሚባለውም ለፎቶ ብቻ አይደለም። የሰው ገላ አብዛኛው ውኃ ነው፤ ውኃ ደግሞ ይህን ዓይነቱን ሞገድ ይውጠዋል። ቁጥሩን አጣጥፎ ኪሱ የከተተ ወይም ጀርባው ላይ አድርጎ ሹራብ የደረበበት ሰው «ስሜ አልወጣም» ብሎ ሲያማርር ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የማሽኑ አይደለም። አዘጋጆች ግን ይህን ስለሚያውቁ መድረሻው ላይ አንባቢውን ሁለት ያደርጉታል፤ አንዱ የሳተውን ሌላው ይይዛል። እዚህም ላይ ልብ ይበሉ፦ ለአሸናፊው ቺፕ ብዙም አያስፈልገውም፤ እሱን ካሜራና ዳኛ ያዩታል። ቺፕ የተሠራው ማንም ለማያየው 23 ሺህኛው ሰው ነው።

ስለ አየሩ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፣ በየዓመቱ እንግዳ ስለሚያሞኝ። ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዱባይ ለዘመድ ጥየቃ መጥቶ ካናቴራ የገዛ ሰው እዚያ 10 ኪሎ ሜትር ሳይደክመው ይሮጥ ይሆናል። መስቀል አደባባይ ግን ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። «እዚያ ኦክስጅን የለም» ይባላል፤ ልክ አይደለም፤ ከአየሩ 21 በመቶው ኦክስጅን መሆኑ ባሕር ዳርቻም እንጦጦም ያው ነው። የሚለየው ግፊቱ ነው። ከፍ ሲሉ አየሩ ይሳሳል፤ አዲስ አበባ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚገባው በሩብ ገደማ ያንሳል። ሰውነት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ትንፋሽና የልብ ምት በመጨመር ይቋቋመዋል፤ ኦክስጅን ተሸካሚ ቀይ የደም ሕዋስ ለማብዛት ግን ሳምንታት ይፈልጋል። ስለዚህ ረቡዕ ገብቶ እሑድ የሚሮጥ እንግዳ ሊያደርግ የሚችለው ነገር ቀስ ማለት ብቻ ነው። መለኪያውም ወሬ ነው፤ አጠገብዎ ላለው ሰው አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ካቃተዎት ፍጥነቱ በዝቷል። ዳገቱ ሲመጣ ደግሞ ኩራት ትቶ መራመድ ነው።

መድረሻው ከመነሻው ይልቅ አስቸጋሪ ነው፤ ሰው ሲደርስ መቆም ይፈልጋላ! ፊተኞቹ ከግማሽ ሰዓት በታች ገብተው ያልቃሉ፤ ዋናው ጎርፍ የሚመጣው በኋላ ነው። መስመሩን ያለፈ ሰው እዚያው ቢቆም የተከተለው ይጋጨዋል፤ የዚያ ተከታይ ደግሞ ይቆማል፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መቆሙ ወደ ኋላ ተመልሶ መንገዱን ይዘጋዋል። አዘጋጆቹ ታዲያ ሕዝቡን በጩኸት ብቻ አይነዱም፣ በጉጉት ይስቡታል። ሜዳሊያውን ከመስመሩ ራቅ አድርገው፣ ውኃውን ከሜዳሊያው ራቅ አድርገው ያኖሩታል። የተጠማ ሰው ውኃ ወዳለበት ይራመዳል።

ይህ መራመድ ለሰውነትም ያስፈልጋል። ስንሮጥ ልብ ብዙ ደም ወደ እግር ይልካል፤ ያ ደም ወደ ላይ የሚመለሰው በአብዛኛው በባታችን እርዳታ ነው። ባት በተኮማተረ ቁጥር ደም ሥሮቹን ይጨምቃቸዋል፤ በሥሮቹ ውስጥ ያሉት መከለያዎች ደሙ ተመልሶ እንዳይወርድ ያግዱታል። ድንገት ቀጥ ብለው ሲቆሙ ጭመቃው ይቆማል፣ ደሙ እግር ላይ ይተኛል፣ ጭንቅላት ይጎድልበታል፤ ሰውዬው ይዞርበታል፣ አንዳንዱም ይወድቃል። መድረሻ ላይ የሚወድቀው ሁሉ በጥማት አይደለም። ከመስመሩ በኋላ አምስት ደቂቃ መራመድ ብዙውን ያድናል።

ልጆችስ? የልጆች ሩጫ ለብቻው የሚደረገው ትልልቆቹ እንዳይረግጧቸው ብቻ አይደለም። አካላቸው ሌላ ነው። ልጅ በእኩል ፍጥነት ሲሮጥ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከአዋቂ የበለጠ ኦክስጅን ያቃጥላል፤ እግሩ አጭር ነው፣ እርምጃው ይበዛል። ከክብደቱ አንጻር የቆዳው ስፋት ትልቅ ስለሆነ ከኃይለኛ ፀሐይ ሙቀት በፍጥነት ይቀበላል። በሌላ በኩል ልጅ ቶሎ ያገግማል፤ አሁን ሣር ላይ ተዘርሮ «ሞትኩ» ያለው ከሁለት ደቂቃ በኋላ ኳስ ያባርራል። አዋቂ ደግሞ እስከ ማክሰኞ ደረጃ መውረድ ይቸግረዋል። ልጅ የሌለው ነገር ፍጥነትን የመቆጠብ ልማድ ነው። ሂድ ሲሉት ያለውን ሁሉ አውጥቶ ይፈተለካል፣ መቶ ሜትር ላይ ያልቅበታል። ይህ በምክር አይስተካከልም፤ ደጋግሞ በመሮጥ ነው የሚለመደው። ለልጅ ሁለት ኪሎ ሜትር በየሳምንቱ በዓመት አንዴ ከሚሮጥ አሥር ኪሎ ሜትር ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ፣ ለአዋቂዎች ደግሞ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል። በዓመት አንድ እሑድ ይህን አይሸፍንም።

ወላጆች ብዙም የማያስቡት የደጅ ሩጫ ሌላ ጥቅም ዓይን ላይ ነው። መብራት የበራበት ክፍል ብርሃን ሉክስ በሚባለው መለኪያ 300 ወይም 500 ያህል ቢሆን ነው፤ ደጅ ግን ሰማዩ ዳምኖ እንኳ 10 ሺህ ይደርሳል፤ ዓይናችን ስለሚለምደው ልዩነቱ ይህን ያህል መሆኑን አናውቀውም። በቻይና ጓንጁ ከተማ የአንደኛ ክፍል ልጆች ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት፣ በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ ተጨማሪ ጊዜ ደጅ እንዲያሳልፉ ከተደረጉት ውስጥ ከሦስት ዓመት በኋላ የሩቅ ዕይታ ችግር የጀመራቸው 30.4 በመቶ ሲሆኑ፣ እንደ ወትሮው ከቀጠሉት ውስጥ 39.5 በመቶ ነበሩ። ብዙ ተመራማሪዎች የሚሰጡት ምክንያት ደማቅ ብርሃን በዓይን ውስጥ ዶፓሚን እንዲመነጭ ያደርጋል፣ እሱም የዓይን ኳስ ከልክ በላይ እንዳይረዝም ይገታዋል የሚል ነው። ለዚህ መሮጥም አያስፈልግም። ደጅ መውጣት ይበቃል።

እንግዲህ ሩጫ በየሳምንቱ፣ ያለ ቺፕ፣ ያለ ገንዘብ እንዴት ይሆናል? መልሱን ፖል ሲንተን ሂዊት የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2 ቀን 2004 ለንደን ላይ ቡሺ ፓርክ ውስጥ ሞከረው። 13 ሯጮች ነበሩ፤ ርቀቱ 5 ኪሎ ሜትር፣ ክፍያ የለም። ዛሬ ፓርክረን የሚባለው ከዚያ የተነሣ ነው፤ ከ20 በላይ በሆኑ አገሮች በየቅዳሜው ይሮጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ከ4 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጆች የእሑድ 2 ኪሎ ሜትር ተጨመረ። ሁሉም በበጎ ፈቃደኞች ነው የሚሠራው። ከበጎ ፈቃደኞቹም አንዱ ሥራው ከሁሉ ኋላ መሄድ ብቻ ነው፤ መጨረሻ የሚገባው ምንጊዜም እሱ ስለሆነ፣ ሊሮጥ የመጣ ሰው መጨረሻ ወጣሁ ብሎ አያፍርም። ይህን ያሰበ ሰው ሕዝብን ያውቃል።

ሰዓት አያያዙ ከሁሉ ይጥመኛል። ችግሩ ምን ነበር? 200 ሰው ተከታትሎ ሲገባ አንድ ሰው ሰዓቱንም ስሙንም ልጻፍ ቢል ሦስተኛው ላይ ይጠፋበታል። ስለዚህ ሥራውን ከሦስት ከፈሉት። አንደኛው ሰዓት ይዞ መስመሩ ላይ ይቆማል፤ ሰው በገባ ቁጥር ቁልፍ ይጫናል፤ ማን እንደገባ አያገባውም። ሯጮቹ ከመስመሩ ወዲያ በገመድ በተበጀ ጠባብ መተላለፊያ ይገባሉ፤ እዚያ መቀዳደም ክልክል ነው። ጫፉ ላይ ሁለተኛው ሰው ቆሞ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ በተራ ይሰጣል፤ 1፣ 2፣ 3 እያለ። እሱም ሰዓቱን አያውቅም። በመጀመሪያው ጊዜ ካርድ እንኳ አልነበረም፤ ከሱቅ የተገዛ የብረት ሮንዴላ ነበር፣ ቁጥር የተቀረጸበት። ሦስተኛው ሰው ትንፋሹ የተመለሰለትን ሯጭ ካርዱን ተቀብሎ ስሙን ይመዘግባል፤ ዛሬ በስልክ ባርኮድ በማንበብ ይሠሩታል። ማታ ላይ ሁለቱ ዝርዝሮች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፦ 57ኛው ሰዓት ለ57ኛው ካርድ ይሰጣል፣ 57ኛው ካርድ ደግሞ የማን እንደሆነ ተጽፏል።

ይህን በኮንዶሚኒየም ግቢ ለመሥራት የሚያግድ ነገር አይታየኝም። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» መኪና በማይሄድባቸው እሑዶች አዲስ አበባ ላይ አስፋልቱን ለእግረኛ ሲከፍት ልጆች ምን ያህል ቦታ እንደሚፈልጉ አሳይቷል፤ የሰፈር መንገድ ግን በየሳምንቱም አለ። ርቀቱን በብስክሌት ይለኩ። የ26 ቁጥር ጎማ ዙሪያ ከ2 ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ በሜትር አስተካክለው ይለኩት፣ ጎማው ላይ ቀይ ጨርቅ ይሰሩና ስንቴ እንደዞረ ይቁጠሩ። 400 ሜትር የሆነ ዙር ካገኙ አምስቴ ሲዞሩት 2 ኪሎ ሜትር ነው። በየ1,000 ሜትሩ አንዷን ሜትር መጨመር እንዳይረሱ። ካርዱን ከካርቶን ቆርጠው ልጆቹ ራሳቸው ቁጥር ይጻፉበት፤ ሰዓቱ የስልክ ነው። ዙር የሚቆጥሩና ማንም ልጅ አራት ዙር ሮጦ ጨረስኩ እንዳይል የሚያዩ አንድ ቆፍጣና እናት ያስፈልጋሉ።

አንድ ችግር ግን እንደሚገጥምዎት አይጠራጠሩ፤ ማታ ሲቆጠር ሰዓት ያዡ 63 ጊዜ ተጭኗል፣ ካርድ የወጣው ግን 62 ነው። ለዚህ ገና ከጅምሩ ደብተር የያዘ አራተኛ ሰው ይመድቡ። በየአሥሩ ካርድ አንዴ ይጽፍ፤ 10ኛው ካርድ የደረሰው ስንት ሰዓት ላይ እንደገባ፣ 20ኛው፣ 30ኛው እያለ። እስከ 40 ድረስ ደብተሩና ሰዓቱ ተስማምተው 50 ላይ ከተለያዩ ስሕተቱ በሁለቱ መካከል ነው። እዚያ ውስጥ በአንድ ሰከንድ ሽርፍራፊ ብቻ የተለያዩ ሁለት ሰዓቶች ይፈልጉ፤ ጣቱ ሁለቴ የነካው እዚያ ነው። አንዱ ይሰረዝና ከሱ በታች ያሉት ሰዓቶች ሁሉ አንድ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ይወጣሉ።